«አዲስ ወጣ» ሲባል አዲሱ ምኑ ነው? የክላሲካል ቀረጻን ስንጠብቅና ስንከራከር የሚምታታብን ነገር

ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ የነበሩት መነኩሴ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በማርች 2023 በኢየሩሳሌም አረፉ። 99 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ «የእማሆይ አዲስ አልበም ወጣ» የሚል ዜና ከአንዴም ሁለቴ ሰምተናል። በተለይ በ2024 የወጣው ብዙ ሰው አስገርሟል። እማሆይ ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ ሲያዜሙ የሚሰማበት ነው። ያረፈ ሰው እንዴት አዲስ አልበም ያወጣል? ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ ክላሲካል የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አንዱ «ድሮ የተሠራ ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ አሁን ነው የወጣው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

«አዲስ የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ ሊወጣ ነው» ሲባልም ያው መምታታት አለ። ሲምፎኒ ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሥራ ነው፤ ደራሲው ጀርመናዊው ቤትሆቨን ደግሞ የሞተው በ1827 ነው። እንዲህ ያለ ዜና ሰምቶ ግራ የሚገባው ሰው ሞኝ አይደለም። ዜናው ራሱ ጎዶሎ ነው። የጎደለውን ለመሙላት ከቃላቱ እንጀምር። እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ክላሲካል» ስንል

እኛ ዘንድ «ክላሲካል» ሰፊ ቃል ነው። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሁሉ ይገባበታል። ሆቴል ውስጥ ዝግ ብሎ የሚከፈተው፣ ሬዲዮ ላይ በፕሮግራሞች መሃል የሚገባው፣ ትዝታ በሳክስፎን ሲነፋ፣ ሁሉም ክላሲካል ይባላል። በዚህ ሰው ማረም አያስፈልግም፤ ቃል የተናጋሪው ነው። በሌላው ዓለም ግን ቃሉ ጠበብ ይላል። ደራሲው ሥራውን በኖታ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ሌሎች ያንን እያነበቡ ይጫወቱታል።

ክርክራችን የሚጠራው ይህን ስንይዝ ነው። በዘፈን ዓለም ዘፈኑና ዘፋኙ አይነጣጠሉም። ድሬ ያፈራችው ዓሊ ቢራ የዘፈነውን ሌላ ሰው ቢዘፍነው «የዓሊን ዘፈን ዘፈነ» ነው የሚባለው። በክላሲካል ግን ሥራው ወረቀት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የሚጫወተው ሰው በተለወጠ ቁጥር ፍጥነቱ፣ ጉልበቱ፣ ዝምታው ሳይቀር ይለወጣል።

ለሐረር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የዚክሪ፣ ማለትም የሐረር መንፈሳዊ ዜማ፣ ግጥሞች የቆዩ ናቸው፤ ታዳሚው በቃሉ ያውቃቸዋል። ቢሆንም መሪው ማን እንደሆነ፣ ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው እንዴት እንደተያዘ ለይቶ ይሰማል። በቤተ ክርስቲያንም ድጓው አንድ ሆኖ የመሪጌታው አወራረድ ይለያያል። አዲስ የቤትሆቨን ቀረጻ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ዜማውን ያውቀዋል። የጓጓው የአሁኑ ተጫዋች እንዴት እንደሚያወርደው ለመስማት ነው።

እማሆይ እዚህ ውስጥ የት ይገባሉ? በዚህ ሰው አይስማማም። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረዋል። በኋላ ካይሮ ላይ ቫዮሊንና ፒያኖ አጥንተዋል። ሥራቸው ውስጥ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፒያኖ ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን ዜማና የእኛ ቅኝቶችም አሉበት። አንዳንዱ «ይህ ክላሲካል ነው» ይላል። ሌላው «የራሱ ዓይነት ነው፣ ከማንም መደብ አይገባም» ይላል። በ2006 ሥራዎቻቸው የወጡት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ነበር። ያ ተከታታይ በብዛት የሚታወቀው በዘመናዊ ዘፈንና በጃዝ ስለሆነ ከጃዝ ጋር የሚደረድራቸውም አለ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። በ2013 ኖታዎቻቸው በመጽሐፍ ታትመዋል፤ ሌሎች ፒያኒስቶችም እየተጫወቷቸው ነው። ሥራው ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ የሌላ ሰው ጣት ላይ መኖር ጀምሯል። ያ ደግሞ የክላሲካል ዋናው ምልክት ነው።

ቀረጻ፣ ኅትመት፣ እድሳት

የመምታታቱ አንዱ ምክንያት እዚሁ አማርኛችን ውስጥ ነው። «ቅጂ» እንላለን። ስቱዲዮ ገብቶ የተቀዳው ቅጂ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጠውም ቅጂ ነው። ስለዚህ «አዲስ ቅጂ» ሲባል ሰሚው የፈለገውን ይረዳል።

ሦስት ቃል ብንለይ ክርክሩ ግማሹ ያልቃል። ቀረጻ ሙዚቀኛው ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ የተጫወተበት ቀን ነው። ኅትመት ያ ድምፅ ለሕዝብ የወጣበት ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ጥቂት ወራት ሊኖሩ ይችላሉ፤ 40 ዓመትም ሊኖር ይችላል። እድሳት ደግሞ ፈረንጆቹ «ሪማስተር» የሚሉት ነው። ዋናው ቴፕ ከተቀመጠበት ወጥቶ ድምፁ እንደገና ይጸዳል፣ ሚዛኑ ይስተካከላል። ሙዚቀኛው ምንም አዲስ ነገር አልተጫወተም። ሽፋኑ ብቻ ተቀይሮ ሲወጣ ደግሞ ድጋሚ ኅትመት እንለዋለን።

አሁን ወደ እማሆይ እንመለስ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን ተሠራ። በ2006 የወጣው በአብዛኛው የቆዩ ሸክላዎች ስብስብ ነው፤ ድጋሚ ኅትመት ልንለው እንችላለን። በ2024 የወጣው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እማሆይ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ቤታቸው ሆነው ራሳቸው በካሴት የቀዱት ነው። ደጅ ያሉት ወፎች ይሰማሉ። የፒያኖው ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ቀረጻው አሮጌ፣ ኅትመቱ የመጀመሪያ። አድናቂዎች ከሁሉ በላይ የሚጓጉለትም ይሄኛው ዓይነት ነው። ማንም ሰምቶት የማያውቅ ነገር፣ ለዘለዓለም ጸጥ ካለ እጅ ይመጣልና።

እዚህ ላይ ከባድ ክርክር አለ። ቤት ውስጥ ለብቻ የተቀዳ ድምፅ ለገበያ መውጣት አለበት ወይ? አንዱ ወገን «ሰው ለራሱ የቀዳው እንደ ማስታወሻ ደብተር ነው፣ ባለቤቱ ካረፈ በኋላ መክፈት ድፍረት ነው» ይላል። ሌላው «ካልወጣ ካሴቱ ይበሰብሳል፣ አብሮት አንድ ትውልድ ይጠፋል» ይላል። ሁለተኛው ያመዝንብኛል። አሳታሚው ግን ግዴታ አለበት። የቤት ቀረጻ መሆኑን፣ መቼና የት እንደተቀዳ በግልጽ መጻፍ አለበት። አድማጭ ከስቱዲዮ አልበም ጋር እያነጻጸረ እንዳይፈርድ ማድረግ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

ያንኑ ሥራ ስንት ጊዜ?

ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ «ጎልድበርግ ቫሪኤሽንስ» የተባለውን የባህ ድርሰት ሁለት ጊዜ ስቱዲዮ ገብቶ ቀርጾታል። የመጀመሪያው በ1955 ነው። ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። 38 ደቂቃ ገደማ ፈጀበት። ሁለተኛው በ1981 ነው፤ 51 ደቂቃ ያህል ወሰደ። በሁለተኛው አንዳንድ ክፍሎችን ስለደገመ ልዩነቱ ሁሉ የፍጥነት አይደለም። ቢሆንም ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው አንድ ሰው የተጫወታቸው ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ያገኛል። የመጀመሪያው ይሮጣል፣ ይስቃል። ሁለተኛው እያንዳንዱን ድምፅ ቁጭ ብሎ ያስባል። ጉልድ ሁለተኛው ከወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በኦክቶበር 1982 ሞተ። ኖታው ግን ያው በ1741 የታተመው ነው።

ይህ «ለምን እንደገና?» ለሚለው ጥሩው መልስ ነው። ሌላው መልስ የቴክኖሎጂ ነው። በድሮው ባለ 78 ዙር ሸክላ አንድ ፊት አራት ደቂቃ አካባቢ ነበር የሚይዘው። አንድ ሲምፎኒ ለመስማት ብዙ ሸክላ መገልበጥ ግድ ነበር። በ1948 ረጅሙ ሸክላ መጣና አንድ ፊት ከ20 ደቂቃ በላይ ያዘ። ቀጥሎ ስቴሪዮ መጣ። በ1982 ሲዲ መጣ። ድምፅ በተሻሻለ ቁጥር ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ተቀረጸ። የኦርኬስትራ መሪው ኸርበርት ፎን ካራያን ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የቤትሆቨንን ዘጠኝ ሲምፎኒዎች በ60ዎቹ፣ በ70ዎቹና በ80ዎቹ ሦስት ጊዜ ቀርጿል።

ሦስተኛው ምክንያት ጥናት ነው። ቤትሆቨን በ1817 የሲምፎኒዎቹን ፍጥነት በሜትሮኖም ቁጥር አስቀምጦ ነበር። ሜትሮኖም በደቂቃ ስንት ምት እንደሚመታ የሚለካ መሣሪያ ነው። ብዙ የኦርኬስትራ መሪዎች ቁጥሮቹን «በጣም ፈጣን ናቸው» ብለው ወደ ጎን ትተዋቸው ኖረዋል። በተለይ ከ1980ዎቹ ወዲህ በደራሲው ዘመን መሣሪያዎች የሚጫወቱ ቡድኖች ቁጥሮቹን አምነው ሞከሩ። የታወቀው ሙዚቃ ሌላ መልክ አወጣ።

«በቃ!» የሚሉም አሉ። 5ኛው ሲምፎኒ በመቶዎች የሚቆጠር ቀረጻ አለው። መሪው ካርሎስ ክላይበር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር በ1974 የቀረጸውን እስካሁን አንደኛ የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ታዲያ ገንዘቡ ጨርሶ ላልተቀረጹ ሥራዎች ለምን አይውልም? በ1987 ሆንግ ኮንግ የተቋቋመው አሳታሚ ናክሶስ በርካሽ ሲዲና ብዙም በማይታወቁ ሥራዎች ትልቅ ገበያ መፍጠር እንደሚቻል አሳይቷል። እኔ እዚህ ላይ ከተቺዎቹ ጋር እቀርባለሁ። 5ኛውን ለማወቅ ሦስት አራት ጥሩ ቀረጻ ይበቃል። የአሸናፊ ከበደን የኦርኬስትራ ሥራዎች በጥሩ ጥራት ለመስማት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ግን ምርጫው እጅግ ጠባብ ነው። አሸናፊ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ነበር። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በ2014 የራሱን የፒያኖ ድርሰቶች አሳትሟል። አምባሰልና ሰመመን እዚያ ውስጥ አሉ። እንዲህ ያለ አንድ አልበም ከሃያ አዲስ ቤትሆቨኖች በላይ ይጠቅመናል።

ጉጉቱ ከየት ይነሳል

አንድ ቀረጻ ከተቀዳ በኋላ ብዙ ወራት ይቀመጣል። አዘጋጁ የተለያዩ ሙከራዎችን ቆርጦ ይቀጥላል። በኮንሰርት የምንሰማው አንድ ትንፋሽ ነው፤ በስቱዲዮ አልበም አንድ ገጽ ሙዚቃ ከብዙ ቁራጭ ሊሰፋ ይችላል። ከዚያ አሳታሚው አንድ አጭር ክፍል አስቀድሞ ይለቅና ቀን ይቆርጣል። ክርክሩ የሚጀምረው ገና ሙሉው ሳይሰማ ነው። 100 ሰው ያለበት ኦርኬስትራ ለቀናት ስቱዲዮ ማስገባት ውድ ስለሆነ አሁን ብዙዎቹ ከኮንሰርት ይቀዳሉ። አዳራሹም ልምምዱም አስቀድሞ ተከፍሎበታል። አንዳንድ ትላልቅ ኦርኬስትራዎችም የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቁመዋል።

የዘመኑ ጥሩ ምሳሌ ፒያኒስቱ ዩንቻን ሊም ነው። ኮሪያዊው ልጅ በጁን 2022 ቴክሳስ ውስጥ በሚካሄደው የቫን ክላይበርን ውድድር በ18 ዓመቱ አሸነፈ። በመጨረሻው ዙር የተጫወተው የራክማኒኖቭ 3ኛ ኮንቼርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) በዩቲዩብ በነጻ ተለቀቀ፤ ሚሊዮኖች አዩት። የሾፓን ኤቱዶች (ለጣት መለማመጃ የተጻፉ አጫጭር ድርሰቶች) አልበሙ የወጣው በኤፕሪል 2024 ነው። ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጉጉት ከአንድ ነጻ ቪዲዮ ተነሳ ማለት ነው። ድሬ ሆኖ ስልኩ ላይ ያየው ሰውም ለንደን ሆኖ ካየው እኩል ቀን አይቶታል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ሲዲው እስኪገዛ፣ ሰው ከውጭ እስኪያመጣው ይጠበቅ ነበር።

ስምና ጆሮ

ክርክር ሲጦፍ «ማን ተጫወተው?» የሚለው «እንዴት ተጫወተው?» የሚለውን ይውጠዋል። ጆይስ ሃቶ የተባለች እንግሊዛዊት ፒያኒስት በ2006 ሞተች። በመጨረሻ ዘመኗ ባሏ ከ100 በላይ ሲዲ በስሟ አሳትሞ ነበር። በሕመም ላይ ያለች አሮጊት ይህን ሁሉ መቻሏ ተአምር ተባለ፤ የታወቁ ሃያሲዎች አደነቋት። በ2007 መጀመሪያ አንድ አድማጭ የሊስት ሥራዎች ያሉበትን ሲዲዋን ኮምፒውተር ውስጥ ከተተ። ፕሮግራሙ ሌላ ስም አወጣ። የላስሎ ሲሞን ቀረጻ ነው አለ። ሲመረመር ድምፁ በእርግጥም የሲሞን ሆነ። ሌሎቹም ሲዲዎች የሌሎች ሰዎች ቀረጻ ሆነው ተገኙ። ባልየውም በኋላ አመነ።

ሃያሲዎቹ መስማት አይችሉም ነበር ማለት አይደለም። ሙዚቃው እውነትም ጥሩ ነበር። ግን ያው ድምፅ በእውነተኛው ባለቤት ስም ሲወጣ ይህን ያህል አልተጨበጨበለትም። ጆሮ ብቻውን አይሰማም። ሽፋኑን፣ ታሪኩን፣ ስሙን አብሮ ይሰማል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቡና ላይ የተሰበሰቡ ጓደኞችም ሊሞክሩት ይችላሉ። ያንኑ ክፍል በሦስት ተጫዋቾች፣ ማን መሆኑ ሳይነገር ማጫወት። ከዚያ ነው መፍረድ። እንዲህ ሲደረግ ሰው የራሱን ተወዳጅ ሦስተኛ ሲያወጣ ማየት የተለመደ ነው።

ስልኩ የማይነግረን

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚሰማው በስትሪሚንግ ነው። ስትሪሚንግ ድምፁ ስልክ ላይ ሳይቀመጥ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚፈስበት መንገድ ነው። ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ወደኋላ አልቀረችም። ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት በኦገስት 2022 የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ድሬ ላይ ነበር።

ግን እነዚህ መድረኮች የተሠሩት ለዘፈን ነው። ዘፋኝ፣ የዘፈን ስም፣ አልበም፤ ለዘፈን ይህ ይበቃል። ለክላሲካል አይበቃም። ደራሲው አለ፣ ሥራው አለ፣ የሥራው ክፍል አለ፣ መሪው፣ ኦርኬስትራው፣ ብቸኛው ተጫዋች አለ። ከድምፁ ጋር ተያይዞ የሚሄደው ይህ የጽሑፍ መረጃ «ሜታዳታ» ይባላል። እሱ ሲበላሽ ቀረጻው ይጠፋል። ከሁሉ የሚከፋው የዓመቱ ነገር ነው። በ1974 የተቀረጸው ሥራ በ2020 ታድሶ ቢወጣ ስልኩ ብዙ ጊዜ 2020 ብሎ ያሳያል። «አዲስ ወጣ» የሚለው ዜና ግማሹ ከዚህ ይመነጫል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት ፋይሎች ደግሞ ብዙዎቹ የተጫዋቹ ስም እንኳ የላቸውም።

አፕል በማርች 2023 ለክላሲካል ብቻ የተለየ መተግበሪያ ያወጣው ይህን ለመፍታት ነው። በዚያው ዓመት የስዊድኑን ቢ.አይ.ኤስ አሳታሚ ገዛ። ለረጅም ዘመን ከስትሪሚንግ ርቆ የቆየው የእንግሊዙ አሳታሚ ሃይፐሪየንም ዩኒቨርሳል በተባለው ትልቅ የሙዚቃ ድርጅት ተገዝቶ ገባ። ለአድማጭ በአንድ በኩል ሲሳይ ነው፤ የማይገኘው ተገኘ። በሌላ በኩል የትኛው ቀረጻ ይታይ፣ የትኛው ይደበቅ የሚወስኑት እጆች እያነሱ ነው።

ክፍያውም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በብዙዎቹ መድረኮች አንድ ትራክ 30 ሴኮንድ ከተሰማ እንደ አንድ ጊዜ ይቆጠራል። 25 ደቂቃ የሚፈጀው የሲምፎኒ ክፍልና የ3 ደቂቃው ዘፈን እኩል ናቸው። ስለዚህ አሳታሚዎች አጫጭርና ለስለስ ያሉ የፒያኖ ቁራጮችን ማብዛታቸው አያስገርምም። ይህ ከቀጠለ ረጃጅም ሥራዎችን የመቅረጽ ፍላጎት ይቀንሳል ብለው የሚሰጉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ የካርድ ጉዳይ አለ። በሲዲ ጥራት ያለ ድምፅ ሳይጨመቅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። 80 ደቂቃ የሚፈጀው የማለር 9ኛ ሲምፎኒ 800 ሜጋባይት ማለት ነው። ተጨምቆ በዝቅተኛ ጥራት ሲሆን ወደ 80 ይወርዳል። በተራ የጆሮ ማዳመጫ ልዩነቱን መለየት ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ገንዘቡን ደህና ማዳመጫ ላይ ማዋል ይሻላል።

የድሬና የሐረር ካሴቶች

ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው። ከዚያ ወዲያ ከባሕር ማዶ የመጣ ብዙ ዕቃ የሚገባው በዚህ በኩል ነበር። ድሬ በሬዲዮና በቴፕ ገበያዋ ስሟ የተነሳ ከተማ ናት። ስለዚህ በብዙ ቤት ካሴት አለ። የሰርግ፣ የዚክሪ፣ የመንዙማ፣ የቤት ጨዋታ። በሐረር የሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ ከብራና መጻሕፍትና ከሳንቲሞች ጎን የቆዩ የሐረሪ ሙዚቃ ቀረጻዎችም ተሰብስበዋል። ሙዚየም ያልደረሰው ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

የእማሆይ ካሴት አልበም የሆነው ድምፁ ስላማረ ብቻ አይደለም። ማን፣ የት፣ በየትኛው ዘመን እንደቀዳው ስለታወቀ ነው። መሳቢያ ውስጥ ያለው ካሴት ይህ ከሌለው፣ ወደ ስልክ ሲገለበጥ «ትራክ 1» ይሆናል። የድሬ ሙቀት ደግሞ ለቴፕ ጠላት ነው። ክሩ ይለጠፋል፣ መግነጢሱ ይደክማል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ካሴት የሚገለበጥበት ቴፕ ትንሽ ፈጥኖ ከዞረ ድምፁ ይቀጥናል፣ ዜማውም ይፈጥናል። ዘግይቶ ከዞረ ይወፍራል። ቀድሞውኑ ባትሪው በደከመ ቴፕ ተቀድቶ ከሆነ ስህተቱ ካሴቱ ውስጥ ታስሯል። ኮምፒውተር ፍጥነቱን ማስተካከል ይችላል፤ ግን ወደ የትኛው? ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የሚናገሩት ዘፋኙን በአካል የሰሙት ሰዎች ናቸው። «አይ፣ እሱ እንዲህ አይቀጥንም ነበር» ማለት የሚችሉ ሰዎች። እነዚህ ሰዎች ዛሬም በሐረር ጀጎል ውስጥም በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈርም አሉ። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው።